ከመሥመሩ በታች የቀረው ሜዳ
ስለ 1958ቱ የወባ ወረርሽኝ ጥናት አጭር ሂስ

ፎንቴን፣ ናጃርና ፕሪንስ ስለ 1958ቱ የወባ ወረርሽኝ ያዘጋጁት ጥናት በ1961 በአሜሪካ ታተመ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገራችንን ወባ ለሚመረምር ተማሪ ሁሉ መነሻ መሆኑ ተገቢ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ገምቶ፣ መቅሠፍቱን ከዝናቡ ብዛት፣ ከሙቀቱና ከአየሩ እርጥበት ጋር ያያያዘው ይኸው ጽሑፍ ነው።

ሆኖም ጥናቱ ወረርሽኙን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይወስነዋል። ቆቦ የምትገኘው 1,470 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነ የራያ ሜዳ ከመሥመሩ በታች ይቀራል። ይህ በካርታ ላይ ትክክል ነው፤ በኑሮ ግን አይደለም። ደገኛው ለማሽላ አጨዳና ለገበያ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ጊዜውም ክረምቱ አልፎ ወባ የሚበረታበት ነው። ሲመለስ ተውሳኩን በደሙ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ዝናብና ሙቀት ትንኝን ያበዛሉ እንጂ ተውሳኩን አይፈጥሩም።

ሁለተኛው ነገር የመከላከል ኃይል ነው። «ቆለኛ ለምዶታል» ማለት ይቀናናል። ይህ ልማድ ግን በተደጋጋሚ በመታመም የሚገኝ፣ ንክሻው ሲቋረጥም የሚደክም ነው። ወባ በየወቅቱ መጥታ በምትሄድበት በራያ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ጥናቱ ይህን ኃይል አልለካም፤ መሣሪያው ገና አልደረሰም ነበርና አይወቀስም። በዚያው በ1961 ኮኸን፣ ማክግሬጎርና ካሪንግተን ከጋምቢያ አዋቂዎች ደም የተወሰደ ጋማ ግሎቡሊን በታመሙ ሕፃናት ደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ እንደሚቀንስ አሳዩ። ዛሬ ፀረ እንግዳ አካልን ከጥቂት የደም ጠብታ መለካት ይቻላል።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። በ1950ዎቹ በቆቦ ጨርጨር ሜዳ ቤቶችን በዲ.ዲ.ቲ. የመርጨት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ርጭት ንክሻን ሲቀንስ የመከላከል ኃይልንም ያደክማል፤ ቢቋረጥ ቆለኛው እንደ 1958ቱ ደገኛ ባዶ እጁን በሽታውን ይገጥማል። ተውሳክ ያልታየበት ደም ሁለት ትርጉም አለውና፦ አንዱ አካሉ ተውሳኩን ያፈነ፣ ሌላው ፈጽሞ ያልተነከሰ። ተውሳክ ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ ቀጣዩ ጥናት ከቆቦ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ደጋው ይውጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ተውሳኩንም የመከላከል ኃይሉንም ይለካ፤ እያንዳንዱንም ሰው አጨዳውን የት እንደ ዋለ ይጠይቅ።