ገታ ብሎ የማዳመጥ ሙያ

በጅቡቲ ከተማ ካለው ከራስ ዲካ ባሕር ዳር ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚያይ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ኦቦክ አለች። ከኢትዮጵያ በእግር የመጡ ወጣቶች ወደ የመን የሚሻገሩት ከዚያ ዳርቻ ነው። በመንገዳቸው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ይቀበሏቸዋል፤ ኦቦክ ላይ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ደግሞ ካሪታስ ለጎዳና ልጆች በከፈተው የቀን ማዕከል።

ሥራቸው ምግብና መታጠቢያ ማቅረብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለ። ከባዱም የሚደነቀውም የራስን ስሜት ገታ አድርጎ መስማቱ ነው። «እሻገራለሁ» የሚል ጎረምሳ ፊት የተቀመጠ ባለሙያ፣ ልቡ «እባክህ ተመለስ» ይላል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ከየመን ተመላሾችን የጫነ ጀልባ በዚያው ዳርቻ ሰጥሞ 38 ሰዎች መሞታቸውን ያውቃልና።

ግን አያስገድድም። አደጋውን ሳይሸፋፍን ይነግረዋል፣ ወደ አገር መመለሻ መንገድ እንዳለ ያሳየዋል፣ ውሳኔውን ግን አይነጥቀውም። በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሙያው ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መግለጫም ሰው በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብቱና ምስጢሩ እንዲከበሩለት ይጠይቃል።

ባለጉዳዩ ልጅ ሲሆን ሚዛኑ ይለወጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት የልጁን ጥቅም ያስቀድማል፤ ሐሳቡም እንዲሰማ ያዛል። ልጅን ወደ እናቱ መመለስ ለማንም ደግ ሰው የማያጠያይቅ በጎ ሥራ ይመስላል፤ ልጁ ግን የሸሸው ከዚያው ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ይፈለጋል፣ ሁኔታው ይጣራል፣ ልጁም ደጋግሞ ይጠየቃል። ይህ ትዕግሥት ባይኖር ልጁ ማዕከሉን እንደ ፖሊስ ይሸሸው ነበር፤ ቁስሉን የሚያሳየው፣ የመንደሩን ስም የሚነግረው ሰውም አያገኝም ነበር።