የጥቁር ዓባይ ደቂቅ አልጌዎችና የወቅቶች መፈራረቅ፦ አንድን ጥናት ከሳይንስ ትምህርት አንጻር መገምገም

በውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው ስለሚኖሩትና ፋይቶፕላንክተን ስለሚባሉት ደቂቅ አልጌዎች በክፍል ውስጥ ትምህርት ሲሰጥ፣ ለዕድገታቸው ምክንያት ሆነው አዘውትረው የሚጠቀሱት ብርሃን፣ ሙቀትና በውሃ የሟሙ ማዕድናት ናቸው። ይህ አገላለጽ ለሐይቅ የሚስማማ ቢሆንም ለወንዝ ግን ጎደሎ ነው። በዚህ አኳኋን የተማረ ልጅ፣ «ወንዙ በክረምት ለም አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ አልጌውም የሚበዛው በክረምት ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በጥቁር ዓባይ ላይ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ጄ. ታሊንግና ጄ. ርዞስካ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የፕላንክተኑን ዕድገት ከወንዙ መሙላትና መጉደል ጋር አያይዘው መርምረዋል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ሙላት ሱዳንን በሚያቋርጥበት ጊዜ ውሃው በደለል የደፈረሰና ፈጣን ስለሆነ አልጌው እጅግ ያነሰ ነው። ሙላቱ ሲጎድል፣ ሥራው በ1925 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው የሴናር ግድብ ውሃው ይጠራቀማል። ውሃው ረግቶ ሲጠራም ሜሎሲራ የተባለው ዲያቶምና አናቤና የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በብዛት ይራባሉ፤ እነርሱ በበዙ መጠንም በውሃው ውስጥ ያለው ናይትሬት እየተመናመነ ይሄዳል።

የጥናቱ ዋና ብልጫ የውሃውን የቆይታ ጊዜ ከአካባቢያዊ ሁኔታዎች አንዱ አድርጎ እንድንመለከት ማስቻሉ ነው። ነገሩ በቀላል ስሌት ሊገለጽ ይችላል። አንድ አልጌ በየቀኑ በእጥፍ ይራባል ብንል፣ ውሃው በ3 ቀን በሚያልፍበት ሥፍራ የሚደርሰው 8 ብቻ ነው፤ 10 ቀን በሚቆይበት ሥፍራ ግን 1,024 ይሆናል። እንግዲህ ማዕድኑ ቢሞላም ጊዜ ከሌለ፣ ጊዜ ቢኖርም ደለሉ ብርሃኑን ከጋረደው ዕድገት አይኖርም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ በሦስት ነገሮች ጥንቃቄን ይሻል። አንደኛ፣ ሙላቱ ሲጎድል የውሃው መርጋትና መጥራት ባንድ ጊዜ የሚመጡ ስለሆኑ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በወንዙ ላይ በሚደረግ ክትትል ብቻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ዋናው ትኩረት በሱዳን ሜዳማ ምድር በሚፈሰው የወንዙ ክፍል ላይ ነው። በደጋው ቁልቁለት በሚወርዱ ገባር ወንዞች ውስጥ አልጌው በአብዛኛው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ፣ መምህሩ የሴናርን ውጤት ለአካባቢው ጅረት እንዳለ ሊወስደው አይገባም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ወንዙ ራሱ መለወጡ ነው። በ2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ የጀመረውና በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። በሥፍራው በዓመት የሚያልፈው ውሃ በአማካይ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ፣ ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ቆይታ በቀን መቆጠሩ ቀርቶ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ይጠጋል። የደለሉም አብዛኛው ክፍል እዚያው ይዘቅጣል። ስለዚህ የ1967ቱ ጥናት የሚያሳየን የትናንቱን ወንዝ ነው። በውስጡ የተገለጸው ሕግ ግን ዛሬም ይሠራል፤ እንዲያውም ይህ ለውጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመገመት የሚረዳን እርሱ ነው።

በዚህ ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በብርሃን፣ በሙቀትና በማዕድናት ላይ የውሃን ቆይታና ድፍርስነት እንዲጨምሩ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። መምህሩ ከድልድይ ላይ ሆኖ ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ውሃው በማውረድ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ከሰኔ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ከተማሪዎቹ ጋር ሊመዘግብ ይችላል። የውሃውን ፍጥነትም በተንሳፋፊ እንጨትና በሰዓት መለካት ይቻላል። ለመጠጥ ውሃና ለዓሣ ሀብት ዕቅድ የሚያወጣው ባለሙያም ይህንኑ ዕውቀት ይሻል፤ አልጌ ለዓሣ የምግብ መነሻ ሲሆን፣ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ የውሃ ማጣሪያን ይደፍናልና። ወንዝን በሐይቅ ሕግ ብቻ የተማረ ትውልድ ግን፣ ወንዙ ወደ ሐይቅነት ሲለወጥ የተለወጠው ምን እንደሆነ ለይቶ ለማየት ይቸገራል።