የሰገባው ጀርባ

የጥንት ጦርነትን በትርዒት መልሰው የሚያሳዩ አውሮፓውያን ስለ ሰይፋቸው ከተጠየቁ አፋቸው አይያዝም፤ የብረቱን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ የእጀታውን ቅርጽ አንድ በአንድ ይተነትናሉ። ሰገባውን ገልብጦ የሚያይ ከመጣ ግን ነገር ይበላሻል። ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ የተለጠፈ ቆዳ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ሱሪ መታጠቂያ የሚመስል ባለ ዘለበት ቀበቶ! የ1410ሩ የግሩንቫልድ ጦርነት በፖላንድ ሜዳ ዳግም ሲታይ ተመልካቹ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ይህ ሁሉ አይታወቅም።

ጥፋቱ የሠሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ የሚመሩባቸው ምስክሮችም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት።

በጀርመን ናውምቡርግ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1250 ገደማ የተቀረጹ 12 የመሥራቾች ሐውልቶች አሉ። ወንዶቹ ከያዟቸው ሰይፎች በአንዳንዶቹ ላይ ጠፍሩ በሰገባው ዙሪያ ተጠምጥሞ ይታያል። በዚያ ዘመን በብዛት የሚታየው መታጠቂያ ዘለበት አልነበረውም። አንዱ ጫፍ ለሁለት ይተረተራል፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበጃል፤ ሁለቱ ጭራዎች በቀዳዳዎቹ ሾልከው ፊት ለፊት ይቋጠራሉ። በሰገባው በኩል አንዱ ጠፍር ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ሰይፉ ጋደል ብሎ፣ እጀታው ወደ እጅ ቀርቦ፣ ጫፉ ወደ ኋላ ሸሽቶ የሚንጠለጠለው በዚህ የከፍታ ልዩነት ነው። ሁለቱን እኩል ያሰረ ሰው ሲራመድ ሰይፉ እግሩ መሃል ይገባል።

ድንጋይ ግን ውስጡን አያሳይም። ለዚያ ጭቃ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካውጊል፣ ደ ኔርጋርድና ግሪፊትስ በ1987 ያሳተሙት የለንደን ቁፋሮ ጥናት ከረጠበ አፈር የወጡ ቆዳዎችን ይዘረዝራል፤ እንዲህ ባለው አፈር በዛፍ ልጥ የለፋ ቆዳ ሲተርፍ የተልባ እግር ክር በስብሶ የወስፌው ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። አብዛኞቹ የቢላና የጩቤ አፎቶች ስለሆኑ የሰይፍ ሰገባ ሠሪው በአመዛኙ የሚማረው ከታናናሾቹ ነው።

አሠራሩ ሁለት ስስ ጣውላዎችን ጠርቦ ማጋጠም፣ ቆዳውን ነክሮ በላያቸው መጠቅለልና ከጀርባ መስፋት ነው። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የባሉጥ እንጨት ግን አይመከርም፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል። በክሮም የለፋ የፋብሪካ ቆዳም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው፤ እርጥብ ሳለ የሰጡትን ቅርጽ ሲደርቅ አይጠብቅም።

ከሁሉ የሚገርመው የልዑሉ ቀበቶ ነው። በስፔን ቡርጎስ ላስ ኡኤልጋስ ገዳም ከተቀበረው፣ በ1275 ከሞተው ከፈርናንዶ ደ ላ ሰርዳ መቃብር በጦር ዓርማዎች ያጌጠ ቀበቶ ተገኝቷል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን የንጉሥ ልጅ ወደ መቃብር የወረደበት ጌጥ ነው። ተራ እግረኛ ነኝ የሚል የትርዒት ተዋናይ እሱን አስመስሎ ሲታጠቅ፣ ጋሻ ጃግሬ የጌታውን ካባ ደርቦ ሰልፍ እንደመግባት ይሆናል።