ለነፋስ የተሰጠ ግጥም፦ የ«ለይላ» ሁለተኛ አጋማሽ የማን ነው?

«ለይላ» የተሰኘው የሮክ ዘፈን በተነሣ ቁጥር የሚተረከው ታሪክ አንድ ነው። ኤሪክ ክላፕተን የወዳጁን የጆርጅ ሃሪሰንን ሚስት ፓቲ ቦይድን ወደደ፤ ፍቅሩ ቢያንገበግበው ዘፈነው። ታሪኩ እውነት ነው። ቦይድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ግለ ታሪክ ተርካዋለች፤ ሃሪሰንን ፈትታም በ1979 ክላፕተንን አግብታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የፍቅር ወግ የሸፈነው ጉዳይ ነው፤ ዘፈኑን የደረሱት እነማን ናቸው?

ስሙ የተወሰደው ከፋርሱ ባለቅኔ ከኒዛሚ ጋንጃዊ ነው። ኢያን ዳላስ የተባለ ወዳጁ «ለይላ እና መጅኑን»ን በእንግሊዝኛ ትርጉም ለክላፕተን ሰጠው። በ1188 የተጻፈው ይህ የግጥም ትረካ ቀይስ የተባለ ወጣት በለይላ ፍቅር አእምሮውን ስቶ «መጅኑን»፣ ማለትም እብድ፣ እንደተባለ ያወሳል። ለይላን ለሌላ ሰው ዳሯት፤ እሱ በረሃ ወርዶ ከአራዊት ጋር ኖረ። ክላፕተን ራሱን በቀይስ ቢያይ አይፈረድበትም። ነገር ግን የኒዛሚ ለይላም ገጣሚ ናት። ስንኞቿን ከሰው ተደብቃ በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፈች ለነፋስ ትሰጣለች፤ ያገኛቸው መንገደኛ ለመጅኑን ያደርስላታል፤ እሱም በግጥም ይመልሳል። ዘፈኑ ይህችን ገጣሚ አያውቃትም። እዚያ ለይላ ትጠራለች፣ ትለመናለች፤ ድምፅ ግን የላትም።

ቀረጻው በ1970 ማያሚ በሚገኘው ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ተካሄደ። ባንዱ ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ፣ ፕሮዲውሰሩ ቶም ዳውድ ነበሩ። ከሰባት ደቂቃው ውስጥ ግጥም ያለው ሦስት ደቂቃ ያህሉ ብቻ ነው። ከዚያ ጩኸቱ ይበርድና ፒያኖ ይገባል። ቃል የሌለው፣ የተረጋጋ ዜማ ነው፤ የዱዌን ኦልማን ስላይድ ጊታር በላዩ እያንጎራጎረ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። ይህ ክፍል ከፊተኛው ጋር አልተወለደም፤ ከሳምንታት በኋላ ተቀርጾ የተቀጠለ ነው። ፒያኖውን ይዞ የመጣው የባንዱ ድራም ተጫዋች ጂም ጎርደን ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት ስሙ ከክላፕተን ጎን በደራሲነት ሰፈረ።

ዘፋኟ ሪታ ኩሊጅ በዚያ ዘመን የጎርደን ፍቅረኛ ነበረች። በ2016 በወጣው ግለ ታሪኳ እንደምትለው፣ ዜማው ሁለቱ አብረው የሠሩት «ታይም» የተባለ ዘፈን ነው፤ እንግሊዝ አገር ለክላፕተን ተጫውተውለት ቅጂውን ትተውለት ወጥተዋል። ጎርደን በአንድ የሙዚቃ ጉዞ ላይ መትቷት ተለያዩ። ከዚያ አንድ ቀን ፎቶ ለመነሣት በሄደችበት የራሷ ዜማ ከድምፅ ማጉያው ሲፈስ ሰማች። አቤቱታዋ ሰሚ አላገኘም።

የአንድ ወገን ቃል ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ሆኖም የዚያው ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቦቢ ዊትሎክ ሁለቱ «ታይም»ን ሲደርሱ በቦታው እንደነበረና ጎርደን ዜማውን ከእሷ እንደወሰደው በግልጽ መስክሯል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሙዚቃው ነው። «ታይም»ን የኩሊጅ እህት ፕሪሲላ ከባለቤቷ ከቡከር ቲ. ጆንስ ጋር በ1973 በአልበም አውጥታዋለች። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ዝምድናቸውን ለመለየት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም።

በዚሁ «ለይላ» በሚገኝበት አልበም ውስጥ «አይ አም ዩርስ» የሚል ሌላ ዘፈን አለ። ቃሉ ከኒዛሚ መጽሐፍ ስለተወሰደ የባለቅኔው ስም ከክላፕተን ጋር በደራሲነት ታትሟል። ኒዛሚ ካረፈ ከሰባት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የሞተው ባለቅኔ ድርሻውን ሲያገኝ በሕይወት ያለችው ሴት ተረሳች። በእኛ ካሴቶች ልባስ ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየብቻ ይጻፉ ነበር፤ ይህ ልማድ ማን ምን እንዳበረከተ ለመጠየቅ ቢያንስ በር ይከፍታል። «ክላፕተን እና ጎርደን» ብሎ በአንድ የሚያስረው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በሩን ይዘጋዋል።

ስለዚህ «ለይላ»ን በኒዛሚ ዐይን ላነበው እወዳለሁ። የመጀመሪያው አጋማሽ የመጅኑን ጩኸት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሴቲቱ መልስ ነው፤ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ የደረሰ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ በሌላ ሰው እጅ የመጣ ቁራጭ ወረቀት። ዊትሎክ ፒያኖው ከዘፈኑ ጋር አይሄድም ይል ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ መሆኑን ጆሮው ሳይነግረው አልቀረም፤ እኔ ግን የዘፈኑን ሙላት የማገኘው ከዚሁ ስፌት ላይ ነው።

በ1992 ክላፕተን ዘፈኑን ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ በዝግታ ደግሞ ተጫወተው። የፒያኖውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ተወው። በቀጣዩ ዓመት ይህ ቅጂ ለደራሲዎች የሚሰጠውን የምርጥ ሮክ ዘፈን የግራሚ ሽልማት አገኘ። ተሸላሚዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ክላፕተንና፣ እናቱን በመግደሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስር ላይ የነበረው ጂም ጎርደን።