ጊዜያዊ የምግብ ቅነሳና የይፋግ ገበታ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በከተማ የተለመደውን ጊዜያዊ የምግብ ቅነሳ መንቀፍና መልካም አመጋገብ ልማድ ሆኖ የሚጸናው በምን እንደ ሆነ መመርመር ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ስፍራ ይፋግ ነው። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ የሚገኝ፣ በገበያው ከጥንት የታወቀ ከተማ ነው።

የከተማ ሰው ውፍረቱ ሲያስጨንቀው ለጥቂት ሳምንታት እንጀራ አልቀምስም ይላል። ቃሉን የገባው ግን ብቻውን ነው፤ የቤቱ ድስትም ሆነ የወዳጆቹ ግብዣ አልተለወጠም። ስለዚህ ቀጠሮው ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ክብደቱ አብሮ ይመለሳል።

አንዳንዶች ደግሞ ጾምን ራሱን በዚህ ዓይን ያዩታል። ጾም የታዘዘው ለነፍስ ነው፤ ወገብ ለማቅጠን አይደለም። ሆኖም ስለ ልማድ የሚያስተምረን አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ይመጣሉ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ሱፉ የመንደሩ ሁሉ ገበታ ስለሚሆን ጾመኛው በራሱ ፈቃድ ብርታት ላይ ብቻ አይደገፍም። የሚነቀፈው ከጾሙ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ወር ያህል የታገሠ ሰው በፋሲካ ሌሊት ሥጋውን ያለ ልክ ይበላና ሆዱን ይታመማል። እናቶቻችን አስቀድመው ተልባ ማጠጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን በይፋግ ዙሪያ፣ ማንም ስእለት ሳይገባበት፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ሆኗል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው ሩዝ ወደ ሊቦ ከምከምም ተስፋፍቶ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። ሩዝ ባለውለታ ነው፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበትን መሬት አልምቶ ለገበሬው ገንዘብ አስገኝቷል። በአንጻሩ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ግጦሿ ወደ ሩዝ ማሳ ስለ ተለወጠ ዝርያዋ ተመናምኗል። እንግዲህ የምንነቅፈው ሩዙን ሳይሆን ለውጡ ሳይመረመር ወደ ሞሰብ መግባቱን ነው።

ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ አንድ ሺህ ፍሬው ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላምና፣ ከነቆዳው ይፈጫል። ሩዝ ግን ሲፈተግ ቆዳው ይነሣል፤ ከቆዳውም ጋር አሰሩ፣ ከብረት ማዕድኑ ብዙው ክፍልና ቫይታሚን ቢ1 ይሄዳሉ። ሆላንዳዊው ሐኪም ኤይክማን በጃቫ ደሴት የተፈተገ ሩዝ ብቻ የተቀለቡ ዶሮዎች እግራቸው ሲሰንፍ፣ ያልተፈተገውን ሲበሉ ግን ሲድኑ ተመልክቷል። በዚህም ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ከኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በይፋግ ሰው ሩዝን ከጤፍና ከጥራጥሬ ጋር ስለሚበላ ያው በሽታ ይደርስበታል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የጤፉ ድርሻ ባነሰ ቁጥር እንጀራው ነጭነቱን እንደ ያዘ ፍሬ ነገሩን ያጣል።

መድኃኒቱ ከአገሩ ሩቅ አይደለም። ሩዙን ከነገለባው ነክሮና በእንፋሎት አብስሎ፣ አድርቆ መፈተግ ቫይታሚኑን ወደ ፍሬው ያስገባል። ሲፈተግም እጅግ እስኪነጣ አለማድረስ ይቻላል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራውም ሽምብራ ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለቤትም ሽሮ ይትረፍ። ለሊጡም የጤፍ ድርሻ ይጠበቅለት።

እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን በየቀኑ በምጣድ ላይ የሚደጋገሙ ናቸው። የአንድ ወር ቅነሳ አንድን ሰው ለአንድ ወር ያቀጥነዋል፤ የሊጡ ድብልቅ ግን ቤተ ሰቡን በሙሉ፣ ሕፃናቱንም ጭምር፣ ዕድሜ ልክ ይመግባል። ስለ ጤናማ አመጋገብ የምንመክር ተማሪዎችም ምክራችንን ከቡሃቃው ብንጀምር ይሻላል።