«መብራት ጠፍቷል» ሲባል፦ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ባትሪ ማስጠንቀቂያዎች አማርኛ

የሙያ ቃላት ትርጉም ሲመዘን ዘወትር የሚጠየቀው ስያሜው ለጽንሰ ሐሳቡ ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ባትሪ አደጋ ለቤተ ሰብ በሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ግን ይህ መመዘኛ አይበቃም፤ አንባቢው ጽሑፉን አንብቦ እጁን ወዴት ይሰነዝራል ተብሎም መጠየቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው በዕቃ ማሸጊያና በመመሪያ ወረቀት ላይ እየተለመደ የመጣውን አማርኛ ነው። ጉድለቱም በአብዛኛው ከውጭ ከገቡት ቃላት ሳይሆን እናውቃቸዋለን ከምንላቸው ከነባሮቹ የሚመነጭ ይመስለናል።

«መብራት» የሚለውን እንውሰድ። ቃሉ በንግግራችን አምፖሉንም፣ ብርሃኑንም፣ በሽቦ የሚመጣውንም ኃይል ይሰይማል። «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ከፈልሁ» ስንል ዐውዱ ስለሚረዳን አንሳሳትም። ነገር ግን «ከመጠገንዎ በፊት መብራቱን ያጥፉ» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሰው ማጥፊያውን ተጭኖ ክፍሉ ሲጨልም ትእዛዙን የፈጸመ ይመስለዋል። የግድግዳው ሶኬት ግን 220 ቮልቱን እንደ ያዘ ነው። ማጥፊያው የተገጠመው ኒውትራል በሚባለው ሽቦ ላይ ከሆነማ አምፖሉ ጠፍቶም ሳለ መያዣው ኮረንቲ አለው። ከዚህ የባሰው «መብራት ጠፍቷል» የሚለው አነጋገር ነው። ኃይሉ ከውጭ ተቋርጦ በማናቸውም ደቂቃ ሊመለስ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ሽቦ ለመቀጠል የተመቸ ጊዜ የተገኘ ያስመስለዋል። ስለዚህ በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ውስጥ «ማጥፋት» ለአምፖልና ለመሣሪያ ብቻ እንዲወሰን፣ ከሶኬት ለማላቀቅ «መንቀል»፣ በቆጣሪው አጠገብ ባለው ዋና ማቋረጫ ለሚፈጸመው ደግሞ «ማቋረጥ» እንዲባል እናሳስባለን። ሦስቱም የቆዩ ቃላት ናቸው፤ የጎደለው ድንበራቸውን ማስከበር ነው።

«መሙላት» የረቀቀ ችግር አለበት። «ባትሪው ሲሞላ በጨርቅ አይሸፍኑት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንዱ «በመሙላት ላይ ሳለ»፣ ሌላው «ሞልቶ ካበቃ በኋላ» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ግሱ የሂደትም የፍጻሜም ትርጉም ስላለው «ሲ» ብቻውን አይለያቸውም። አደጋው ያለው ግን በተለይ በሂደቱ ጊዜ ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው የመኪና ባትሪ ዘንድ ደግሞ «ሙላው» ማለት የተጣራ ውሃ ጨምርበት ማለትም ይሆናል። ያ ባትሪ ኃይል ሲቀበል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ፣ ለውሃው የተጻፈውን መመሪያ ለኃይሉ ያደረገ ሰው ዝግ ክፍል ውስጥ ሊቸገር ይችላል። የቃሉ ምስልም ከእንስራ የተወሰደ ነው። እንስራ ሲተርፈው ውሃው ይፈስሳል እንጂ እንስራው አይነድም። የሊትየም አዮን ባትሪ ግን ከተወሰነለት ጣሪያ፣ በብዙዎቹ ከ4.2 ቮልት፣ ሲያልፍ ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ሙቀት ሙቀትን እየወለደ ይሄዳል።

«እንግዲያስ ቻርጅ ይባል» የሚሉ አሉ። «ቻርጅ ሲደረግ» ማለት ቢያንስ እንደማያሻማ አንክድም፤ በንግግርም ያሸነፈው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የፊዚክስ መጻሕፍት «ሙል» የሚለውን ስያሜ ያወጡት ከዚሁ ግስ በመሆኑ፣ ዝምድናውን ከመበጠስ ይልቅ ተርጓሚው «በመሙላት ላይ ሳለ» እና «ሞልቶ ሲያበቃ» እያለ ለይቶ ቢጽፍ እንመርጣለን። ጉዳዩ የስልክ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ባትሪ መሙላት ከጠረጴዛ ወደ ግቢ ወጥቷል።

«ድንጋይ» የሚለው ስያሜ ባለ 1.5 ቮልቱን ደረቅ ባትሪ የሰየመ፣ ሕዝቡ ያለ ማንም እርዳታ ያወጣው ውብ ቃል ነው። «ባትሪ» የሚለውን መብራቱ ስለ ወሰደው ለውስጡ ዕቃ ሌላ ስም አስፈለገ። ዳሩ ግን ድንጋይን ማንም አይፈራውም። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በጥርስ መንከስ የቆየ ልማድ ነው፤ በደረቁ ባትሪ ላይ አደጋው ውስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበው ሊትየም አዮን ግን በውስጡ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስላለው ይኸው ልማድ እሳት ሊያስነሣበት ይችላል። በተገላቢጦሽም፣ ደረቁን ድንጋይ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ ለመሙላት መሞከር ሊያፈነዳው ይችላል። እንግዲህ «ድንጋይ» ለማይሞላው ብቻ ይቅር፤ የሚሞላው ሁሉ «ባትሪ» ይባል፤ መብራቱም ምን ጊዜም «የእጅ ባትሪ» ተብሎ በሙሉ ስሙ ይጻፍ።

በመጨረሻም ስለ «ንዝረት»። ይህ ቃል ለስልክ መርገብገብም ለኤሌክትሪክ አደጋም ሲውል እናያለን፤ ለሁለተኛው ግን እጅግ የቀለለ ነው። ሕዝቡ «ኮረንቲ ያዘው» ሲል ከተርጓሚዎቹ ይልቅ ለነገሩ ቀርቧል፤ ኮረንቲው ጡንቻን ስለሚያኮማትር የጨበጠ እጅ መልቀቅ ያቅተዋልና። «የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰበትን ሰው አይንኩ» በሚለው ፈንታ እኛ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ «ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅዎ አይንኩ፤ አስቀድመው ኃይሉን ከዋናው ማቋረጫ ያቋርጡ።»