«ነጻ ባህል» እና የተማሪው መጽሐፍ፦ የሎውረንስ ሌሲግ ክርክር ሲመረመር

የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ ሥራ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ለሕዝብ ከደረሰ በኋላ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የተተወ ነበር። ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ግን በየክፍሉ የሚያስተምረውን መምህርና መጽሐፍ የሚያሳትመውን ዕቅድ አውጪ በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል። ይህን ጥያቄ በስፋት ካነሡት መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊው የሕግ ፕሮፌሰር ሎውረንስ ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት «ነጻ ባህል» የተሰኘው ነው። መጽሐፉ በፔንግዊን አሳታሚነት ለገበያ ሲቀርብ፣ ያው ጽሑፍ በኢንተርኔት ማንም ሳይከፍል እንዲወስደው፣ ለንግድ እስካላዋለው ድረስም እያባዛ እንዲያድለው ደራሲው ፈቅደዋል። ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈውን መጽሐፍ ዛሬ መመርመር የዘገየ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ደራሲው በአሜሪካ ያዩት ሁኔታ በኢትዮጵያ መምህርና ተማሪ እጅ የገባው በተንቀሳቃሽ ስልክና በቴሌግራም አማካይነት በቅርቡ ስለሆነ፣ መጽሐፉ ለዚህ አገር አንባቢ ወቅቱን የጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ከርእሱ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ «ነጻ» የሚለው ቃል አርነትንም ሳይከፍሉ ማግኘትንም ያመለክታልና ሌሲግ ገና በመግቢያቸው ልዩነቱን ለማስረዳት ይደክማሉ። አማርኛውም ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ «ነጻ ሰው» ሲባልና «በነጻ ታደለ» ሲባል የሚለያቸው አንዲት «በ» ብቻ ናት። ሌሲግ የሚሹት የፊተኛውን ነው። ደራሲ ለድካሙ አይከፈለው አላሉም፤ እንዲያውም የደራሲ መብት ያስፈልጋል ይላሉ። የሚቃወሙት ትናንት የተሠራው ሥራ ባለቤት ነገ የሚሠራውን ሰው ፈቃድ እያስጠየቀ የሚያግድበትን ሥርዓት ነው።

የመጽሐፉ መሠረት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1710 በእንግሊዝ በንግሥት አን ዘመን የወጣው ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ይታደስለታል። የለንደን መጻሕፍት ነጋዴዎች መብቱ ዘላለማዊ ነው ብለው ቢሟገቱም፣ የጌቶች ምክር ቤት በ1774 ክርክራቸውን አልተቀበለውም። አሜሪካም በ1790 ያንኑ 14 ዓመት ወሰደች። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ደጋግሞ ተራዝሞ፣ በ1998 በወጣው ሕግ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት፣ ለድርጅት ሥራ ደግሞ ከታተመ ጀምሮ 95 ዓመት ደረሰ።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ጠንካራ ክፍል የዓመታት ቆጠራው ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በወረቀት ዘመን ሕጉ የሚመለከተው የማተሚያ መኪና ያለውን ሰው ነበር። መምህር መጽሐፉን ለተማሪው ቢያውስ፣ ተማሪው ለጓደኛው ቢያነብለት፣ አንብቦም ሲጨርስ መርካቶ ወስዶ ቢሸጠው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከእነዚህ አንዱም ቅጂ አይፈጥርምና። በኮምፒዩተርና በስልክ ግን ማንበብም፣ ማዋስም፣ ማሳየትም ቅጂ ሳይፈጠር አይሆንም። እንግዲህ የሕጉ ቃል ሳይለወጥ የመሣሪያው ጠባይ ብቻ ስለተለወጠ፣ አንባቢው እንደ አሳታሚ የሚጠየቅ ሆነ። ይህን ክፍል ለመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ማስነበብ ይጠቅማል፤ አንዲት ፋይል ለ60 ተማሪዎች መላክ አንድን መጽሐፍ ለ60 ተማሪዎች በተራ ከማዋስ በምን እንደሚለይ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝምና።

በሥዕላዊነቱ የሚጠቀሰው የኤሪክ ኤልድረድ ታሪክ ነው። በኒው ሃምፕሸር የሚኖሩት ኤልድረድ ሴቶች ልጆቻቸው የሆቶርንን ሥራ ሊወዱላቸው ስላልቻሉ፣ መብቱ ያለፈበትን ጽሑፍ ከማብራሪያ ጋር በኢንተርኔት አዘጋጁት፤ ከዚያም ሥራውን አስፋፍተው የቆዩ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1923 የታተሙ ሥራዎች ተራ ሲደርስ የ1998ቱ ሕግ 20 ዓመት ጨመረባቸው። ኤልድረድ መንግሥትን ከሰሱ፤ ጠበቃቸውም ሌሲግ ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2003 በ7 ድምፅ በ2 ተቃውሞ ፈረደባቸው፤ የ1923 ሥራዎችም ለሕዝብ የተለቀቁት በ2019 ሆነ። ሌሲግ በዚህ ምዕራፍ የተሸነፍሁት ስለ ሕገ መንግሥቱ ፍልስፍና እያስተማርሁ፣ ሕጉ በሰዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሳላሳይ በመቅረቴ ነው ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። ብዙ የክርክር መጻሕፍት የጎደላቸው ቅንነት ይህ ነው።

ሌሲግ ፈጠራ ያለ ውርስ አይኖርም የሚለውን ሐሳባቸውን የሚያስረዱት በዋልት ዲዝኒ ነው። በ1928 የወጣው የአይጡ ፊልም በዚያው ዓመት ከወጣው የበስተር ኪተን ፊልም የተቀዳ ፌዝ ነበረበት፤ ሆኖም የዲዝኒ ድርጅት በኋላ ራሱ የወረሰውን ያህል ሌሎች እንዳይወርሱት አጥብቆ ሲከላከል ኖረ። ፊልሙ ለአሜሪካ ሕዝብ የተለቀቀው በ2024 ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊቱም፣ ድጓውም እየተገለበጠ የሚሰራጭ የጋራ ሀብት ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ግን ያፍራል። ደግሞ የገዛ ቅኔውን በጉባኤ ላፈሰሰው ሰው ቋንቋው የሰጠው ቃል «ዘረፈ» የሚል መሆኑ የሚያስገርም ነው። መገልበጥ የተፈቀደበት፣ ስም መስረቅ የተነወረበት ይህ ልማድ ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ይሆን ነበር።

«ወንበዴዎች» በሚለው ክፍል ደራሲው ዛሬ የተከበሩት ኢንዱስትሪዎች ሁሉ በጅምራቸው የሰው መብት የጣሱ ነበሩ ይላሉ፤ የፊልም ሰዎች ከኤዲሰን የፈጠራ መብት ሸሽተው ካሊፎርኒያ መግባታቸውን ያነሣሉ። አገር ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አቶ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን አልፈው የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸውን ህንድ አገር አሳተሙ። ያ ድፍረት ባይኖር ከዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ሳይቀረጽ በቀረ ነበር። ከዚህ ላይ ግን የሌሲግን ክርክር መግታት ያስፈልጋል። አቶ አምኃ የሰበሩት የአንድ ተቋም ብቸኛ መብት ነበር እንጂ፣ ሌላው ያስቀረጸውን ዘፈን ገልብጠው አልሸጡም፤ ድምፃውያኑ ራሳቸው መጥተው ዘፈኑላቸው። ደራሲው ሁለቱን ዓይነት ጥሰት በአንድ ቃል መጥራታቸው የምዕራፉን ኃይል ይጨምራል፤ ማስረጃውን ግን ያሳሳዋል።

በኢንተርኔት ፋይል የሚለዋወጡትን ሌሲግ በአራት ይከፍሏቸዋል፦ በመግዛት ፈንታ የሚወስዱ፣ ከመግዛታቸው በፊት ለመቅመስ የሚወስዱ፣ ከገበያ የጠፋን ሥራ የሚፈልጉ፣ መብት የሌለበትን ወይም ባለቤቱ የፈቀደውን የሚወስዱ። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። የመጽሐፉ ዋና ጉድለትም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። በአሜሪካ ከሳሹ ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያ፣ ተከሳሹ ለዩኒቨርሲቲው የፋይል መፈለጊያ ሠርቶ ያጠራቀማትን 12,000 ዶላር ከፍሎ የተገላገለ ተማሪ ነው፤ የአንባቢው ልብ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ደራሲው ብዙ ጊዜ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚለቅቀው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ተከታይ ሊኖረው ይችላል። ሕጉ የበዛበት አገር የጻፈውን ስሞታ ሕጉ ያልተፈጸመበት አገር እንዳለ ቢቀበለው፣ የሚጎዳው ኩባንያ ሳይሆን ቀጣዩን መጽሐፍ ለማሳተም ያሰበው ደራሲ ነው።

ሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም ከገበያ የጠፋው ሥራ፣ ለመምህራን የበለጠ ይቀርባል። ሌሲግ የዚህ ችግር መፍትሔ መብቱ በቶሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነው ይላሉ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው መጽሐፋቸው በታተመበት ዓመት ሲሆን፣ ዘመኑን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር በስደት ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች እንግዲህ ማንም ሊያሳትማቸው የሚችል የሕዝብ ሀብት ናቸው፤ በ1908 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያም እንዲሁ። ነገር ግን ሕጉ ስለለቀቃቸው ብቻ ወደ ተማሪው እጅ አይገቡም። ፊደሉን የሚጽፍ፣ የሚያርም፣ ያረጀውን ቃል የሚያብራራ ሰው ያስፈልጋል። ኤልድረድ ይህን ሥራ በገዛ ጊዜያቸው ሠርተውታል፤ ሌሲግ ግን ስለ ሕጉ ብዙ ሲጽፉ ስለ ድካሙ የሚሉት ጥቂት ነው።

የብራና መጻሕፍት ነገር ይህንኑ ያጠናክራል። በብራና ላይ የደራሲ መብት የለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ተመዝግቦ ለገባ አንባቢ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያሉ፤ በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱትም መካከል ብዙዎቹን የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል አዘጋጅቷቸው ነበር። በጥቅምት 2023 በዚያ ቤተ መጻሕፍት ላይ የኮምፒዩተር ጥቃት በደረሰ ጊዜ ግን ምስሎቹ ለብዙ ወራት ሊከፈቱ አልቻሉም። ዋናው በሌላ አገር፣ ምስሉም በሌላ አገር መሣሪያ ላይ ሲሆን የጎንደር መምህር ከሕግ ነጻ ቢሆንም ከአጋጣሚ ነጻ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ሁሉንም ገጽታ በአንድ ላይ ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ትረካው በካሴት፣ ኋላም በኢንተርኔት እየተባዛ ብዙ ተማሪዎች ድርሰቱን በጆሯቸው ያውቁታል። ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ የድርሰቱ መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ ትረካው ደግሞ የተራኪውና የጣቢያው ጉዳይ አለበት። ሆኖም ያ ስርጭት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሰጠውን አገልግሎት ማንም ሊክድ አይችልም። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት ለእነርሱ የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ ከፍቷል፤ ሌሲግ ሲጽፉ ይህ ስምምነት አልነበረም። ልዩ ችግር ላለበት አንባቢ ልዩ በር መክፈት፣ መብቱን በጠቅላላ ከማሳጠር ይልቅ ለዚህ አገር የሚሻል ይመስላል።

ለዕቅድ አውጪዎች የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው በመጨረሻው ክፍል ነው። ባለመብቱ ራሱ አስቀድሞ የሚፈቅደውንና የሚያስቀረውን በአጭር ጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይመክራሉ፤ ለዚህም የተዘጋጁ የፈቃድ ዓይነቶችን እ.ኤ.አ. በ2001 ከመሠረቱት ማኅበር ጋር አውጥተዋል። በ2015 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ የወጡትን የሁለተኛ ደረጃ የተማሪ መጻሕፍት የገለጠ ሰው ከርእሱ ጀርባ ባለው ገጽ ላይ አዋጅ ቁጥር 410ን የሚጠቅስ፣ ማንኛውም ክፍል ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይባዛና በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዳይተላለፍ የሚከለክል ማስታወቂያ ያገኛል። እነዚሁ መጻሕፍት ኅትመቱ እስኪዳረስ በፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ ቆይተዋል፤ መተላለፋቸውም ተገቢ ነበር። የአዋጁ አንቀጽ 11 ለማስተማር የሚደረግን ማባዛት ቢፈቅድም ዓላማው ከሚጠይቀው መጠን እንዳያልፍ ያስገድዳል፤ ሙሉ መጽሐፍ ለሙሉ ክፍል መላክ በዚህ ውስጥ ይጠቃለል እንደሆነ መምህሩ በራሱ ሊፈርድ አይገባውም። በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ መጽሐፍ ለንግድ ሳይውል እንዲባዛ የሚፈቅዱ ሁለት መስመሮች በዚያው ገጽ ላይ ቢታተሙ ጥያቄው ይዘጋል።

መስመሮቹን ማተም ግን ከኋላ አይጀመርም። በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሕያው ገጣሚ ግጥም፣ የፎቶግራፍ አንሺ ሥራ፣ ከልብ ወለድ የተቀነጨበ ክፍል ይገባል፤ ሚኒስቴሩ የራሱን መብት ሲለቅ የእነርሱን አብሮ ሊለቅላቸው አይችልም። ስለዚህ ፈቃዱ መጠየቅ ያለበት፣ ክፍያውም መወሰን ያለበት አዘጋጆቹ ምንባቡን በሚመርጡበት ጊዜ፣ ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ ነው።